ቀምሳ የሰጠችን መርፌ

ፊቴ ከሁሉ ጊዜ በላይ ያማረው ልሞት በተቃረብኩበት ሰሞን ነው። እንዲህ ስል ሰው ይስቃል፤ እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ፤ ግን እውነቴን ነው። በመንገድ ያገኘኝ ሁሉ ዞሮ ያየኝ ነበር። ምን አግኝተሽ ነው የሚለኝም አይጠፋም። ያገኘሁትን ያኔ አላውቀውም ነበር፤ አሁን አውቄዋለሁና ልንገራችሁ። ለመፍረድ የሚቸኩል ካለ ግን መጀመሪያ የራሱን ፊት በመስታወት አይቶ ይምጣ።

ደብሪቱ እባላለሁ። ቀየት በምትባል ከተማ ገበያ ላይ ባና እሸጣለሁ፤ ከበግ ፀጉር የሚሠራውን፣ ብርዳችንን የሚችለውን ወፍራም ልብስ። ባሌ ሽፈራው ግንበኛ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከድንጋይ ጋር ማውራት የሚቀናው ዝምተኛ። እናቱ እማማ አስካለ አብረውን ይኖራሉ። ሰፌድ ይሰፋሉ፤ ወስፌያቸው ከእጃቸው አይለይም፤ ምላሳቸውም ከወስፌው አያንስም። ልጃችን ሕይወት ያኔ ገና ፊደል መቁጠር መጀመሯ ነበር።

የእኛ አገር ፀሐይ ተንኮለኛ ናት። ብርዱ ጥርስ እያንገጫገጨ እሷ ከላይ ቆዳ ትጠብሳለች። ሕይወትን ከወለድኩ ወዲህ ጉንጬና ግንባሬ ላይ ማድያት ወጣብኝ፤ ያ ብዙ እናቶች የሚያውቁት ጥቁር ጥቁር ምልክት። ገበያ መዋሉ ደግሞ አባሰው። ሎሚ ቀባሁ፣ እርድ ቀባሁ፣ ከሱቅ ያገኘሁትን ሁሉ ለቀለቅሁ፤ ወይ ፍንክች። ሽፈራው «ያገባሁት ፊትሽን ብቻ ነው እንዴ» ይለኝ ነበር። ለማጽናናት ነው፤ እኔን ግን ያናድደኝ ነበር። ደንበኛ ሁሉ ባናውን ትቶ ጉንጬን የሚያይ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ሴት የውበት ሳሎን ከፈተች። ሁሉም ሲስተር ይላታል። የት ተምራ ሲስተር እንደሆነች የጠየቀ የለም፤ ነጭ ጋውን ትለብሳለች፣ መርፌ ትይዛለች፣ በቃ። ፊቷ እንደተላጠ ሽንኩርት ነጭ ነው፤ የጣቶቿ አንጓዎች ግን ጥቁር ናቸው። እጇን ስትዘረጋልኝ ፊቱ የአንድ ሰው፣ እጁ የሌላ ሰው ይመስለኝና ሰውነቴን ቅፍፍ ይለው ነበር። ጥቁር መነጽሯን ቤት ውስጥ እንኳ አታወልቅም። ድምጿ ግን ለስላሳ ነው፤ ሰው ትወዳለች፤ የሁሉንም ልጅ ስም ታውቃለች።

መርፌው የሚሰጠው ከመጋረጃው ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። እዚያ አንድ ትልቅ መስታወት አለ፤ ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሯል። ለምን ብላት፣ ሳንጨርስ ፊታችንን ካየን ልባችን ይወላውላል፣ ጊዜው ሲደርስ ራሷ ታዞርልናለች አለችኝ። ጀርባውን የሰጠን መስታወት ፊት አግዳሚ ላይ ተደርድረን እንቀመጣለን። ከጎኔ ሁልጊዜ የምትቀመጠው ምንታምር ነበረች፤ ሠርጓ የተቃረበ፣ ገና ሳያስቋት የምትስቅ ልጅ።

የመድኃኒቱን ስም ግሉታታዮን አለችን፤ እኛ ግሉታ አልነው። ሰውነት ራሱ የሚሠራው ነገር ነው፣ ጉበት ያጥባል፣ ቆዳ ያጠራል፣ እንደ ቪታሚን ቁጠሩት አለች። ነፍሰ ጡር የሆነች አለች ወይ ብላ አልጠየቀችም። የሚያሳክከን፣ የማይስማማን መድኃኒት እንዳለ፣ ጉበታችን ወይ ኩላሊታችን ታሞ እንደሚያውቅ አልጠየቀችም። እኛም ጠርሙሱ ከየት እንደመጣ አልጠየቅናትም። ያልጠየቅንበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

እኛ አገር ጠላ የምትቀዳ ሴት ለእንግዳው ከመስጠቷ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ምንም የለበትም ማለት ነው። ሳትቀምስ ብትሰጥ ነውር ነው፤ ከቀመሰች ግን ጠጪው ሌላ ጥያቄ የለውም። ሲስተር ይህን ልማዳችንን አውቃ ይሁን ወይ የዋህነት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አልለየልኝም። በመጀመሪያው ቀን ጠርሙሱን ከፈተች፣ በስሪንጅ ሳበች፣ የራሷን እጅጌ ሰብስባ ትንሽ ወጋች። «ይኸው ቀምሼላችኋለሁ» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ ልባችንም ረጋ። ከዚያ የመርፌውን ጫፍ ብቻ ቀየረችና ያንኑ ስሪንጅ መልሳ እዚያው ጠርሙስ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ ቀን ወዲህ በሄድን ቁጥር ሳትቀምስ ሰጥታን አታውቅም። እኛም በዚህ እናመሰግናት ነበር።

መቅላቱ መጣ። መጀመሪያ ማድያቱ ደበዘዘ፣ ኋላ ፊቴ በሙሉ ፈካ። ሲስተር መስታወቱን ያዞረችልኝ ቀን ያየሁትን አልረሳውም። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት ታምራለች፤ ግን ቀድማኝ ፈገግ ያለች መሰለኝ። ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ አየሁ፤ ከኔ በቀር ማንም የለም። ሲስተር ሁሉም መጀመሪያ እንዲህ ይሆናል ብላ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገችኝ።

እቤት ስገባ ሕይወት አያቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች። እማዬ አይደለችም አለች። ሳቅንባት። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ እጄን ሳትይዝ ትሄድ ጀመር፤ ፀጉሯን ልሠራ ስጠራት እማማን ታያለች። እማማ አስካለ ደግሞ ብርሃን ወዳለበት ወስደው አገላብጠው አዩኝና በቀልድ የማን ልጅ ነሽ አንቺ አሉኝ። ቅባት ነው አልኳቸው። ለሽፈራውም ያንኑ ነገርኩት። ከሳቁ ሁሉ ግን ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ልጄ እማዬ አይደለችም ያለችው ነው።

ሕመሙ በድካም ጀመረኝ። ባና ተሸክሜ ገበያ መድረስ አቃተኝ። ዕድሜ ልኬን የኖርኩበት የበግ ፀጉር ሽታ ያቅለሸልሸኝ ጀመር። ምግብ ሲቀርብ ፊቴን አዞራለሁ። ከቀኝ ጎድኔ ሥር አንድ ነገር ይከብደኛል፤ ሽንቴ ጠቁሮ ቡና መሰለ። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ጨጓራ ነው ብለው ክኒን ሰጡኝ። ሳይሻለኝ ሌላ ዘንድ ሄድኩ፤ ደም ቀዱና ታይፎይድ አሉኝ። የታይፎይዱን መድኃኒት ስውጥ ጭራሽ ባሰብኝ። ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶች ሕመሜን ትተው ምን ተቀብተሽ ነው ይሉኝ ነበር። አንዲቷ እጇን ዘርግታ ጉንጬን ነካችው።

በሁለቱም ቦታ የሚወሰድ መድኃኒት አለ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። የለም አልኩ። ልደብቅ ብዬ አልነበረም። መድኃኒት ማለት የታመመ የሚወስደው ነው፤ እኔ ደግሞ ሳልታመም ለመልኬ የወሰድኩት ነገር በመድኃኒት ስም ትዝም አላለኝ። ይህን የምታነቡ ሴቶች እባካችሁ ልብ በሉ፤ ሐኪም ሲጠይቃችሁ ለመልክም ይሁን ለምን፣ ወደ ሰውነታችሁ የገባውን ሁሉ ተናገሩ።

አንድ ቀን ጉሙ ከጧት ጀምሮ አልገለጥ ብሎ ዋለ። መንዝን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጎረቤትህ አጠገብህ ሲስል ትሰማለህ፣ አታየውም። እማማ አስካለ በራፍ ላይ ተቀምጠው ሰፌዳቸውን ሲሰፉ አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። ቀና ብለው ዓይኔን አዩና ወስፌው ከእጃቸው ወደቀ። በስመ አብ አሉና አማተቡ። ዓይኔ ቢጫ ሆኗል።

የወፍ በሽታ ነው። ሐኪም ቤት የጉበት ሕመም የሚለውን እኛ ዘንድ የሌሊት ወፍ በላይህ ስታልፍ የሚይዝ ነው ይሉታል። ስለዚህ በሽታ አንድ ትልቅ ሕግ አለ፤ ወፍ ያለፈችበት ሰው መርፌ ከተወጋ አይተርፍም። እማማ አስካለ ያን ዕለት ቤቱን አሰሱት። የልብስ መርፌዬን፣ ባና የምጠግንበትን ትልቁን መርፌ፣ የራሳቸውን ወስፌ ሳይቀር በጨርቅ ጠቅልለው ለጎረቤት ሰጡ። የሚወጋ ነገር የሌለበት ቤት ምን ያህል ዝም እንደሚል አላውቅም ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የሰፉት እኚያ ሴት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ሲጠብቁኝ ይውላሉ። የማይነገር ፍርሃት ያዘኝ፤ እየጠበቁኝ ሳይሆን እያዘኑልኝ ይመስለኝ ነበር። ሕይወት ደግሞ ከሩቅ ቆማ ታየኛለች።

በከተማው ወሬ ተነሣ። ዓይኗ ቢጫ የሆነባት እኔ ብቻ አይደለሁም። አንዷ ነጋዴ ተኝታለች፤ ሌላዋ ራቤል ከተማ ወደሚኖሩት ወላጆቿ ተወስዳለች። ሁሉም ሰሞኑን የቀሉ ሴቶች ናቸው። ወፏ የቀሉትን እየመረጠች ነው ተባለ። አማረብሽ ያለኝ ሁሉ ከቤቴ ፊት ሲያልፍ ወደ ጣሪያችን ቀና እያለ ያልፍ ጀመር። አንዲት ጎረቤታችን ልጇን በመንገዱ በወዲያኛው ዳር ይዛ ስታልፍ አየኋት።

እማማ አስካለ ወፍ የሚያክሙ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወሰዱኝ። ግቢያቸው ውስጥ ጉም ሞልቷል። ድንጋይ ላይ ጋቢ የተከናነቡ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ተራቸውን የሚጠብቁ ናቸው። ማንም ከማንም ጋር አይነጋገርም። ቦታ ፈልጌ ስቀመጥ ከጎኔ ያለችው ጋቢዋን ገለጥ አደረገች፤ ምንታምር ናት። ፊቷ ነጭ፣ ዓይኗ እርድ። ከወዲያዋ ያለችው ነጋዴዋ ናት። ሲስተር አግዳሚ ላይ በተቀመጥንበት ተራ እዚህም ተቀምጠናል፤ የጎደለ ነገር ቢኖር የዞረው መስታወት ብቻ ነው። ተነሥቼ ልሄድ አልኩ። ምንታምር ግን ተጠግታ በሹክሹክታ አታስቢ አለችኝ፤ ሲስተር ሰምታለች፣ ጉበት የሚያጥብ ከበድ ያለውን መርፌ ይዛ እየቤታችን ልትመጣልን ነው፣ ለሠርጌ እነሣለሁ አለችኝ። የተቀጠቀጠ የቅጠል ጭማቂ ጠጥተን ተመለስን። እኔ መንገድ ላይ አስታወክሁት።

በማግስቱ ጧት ሲስተር መጣች። ቦርሳዋን ይዛ ከጉሙ ውስጥ ወጥታ በራፋችን ላይ ቆመች፤ ልብሷ ነጭ ስለሆነ እስክትጠጋ ድረስ አልታየችንም ነበር። እማማ አስካለ ተነሥተው መግቢያውን ሞሉት። ሲስተር በትሕትና ጐንበስ ብላ ተሳለመችና የመጣችበትን ነገረቻቸው። እማማ ወፍ የያዘው ሰው መርፌ እንደማይወጋ ነገሯት።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የለመደችው ነው። እስከ ዛሬ ስትወጋ የቆየችው» አለች ሲስተር።

እማማ አስካለ ዞረው አዩኝ። የት ልግባ? ራሴን አቀረቀርኩ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሲስተር ዞሩና ጠላ ቀድታ ሳትቀምስ የሰጠች ሴትን በሚያናግሩበት ድምፅ «እንግዲያው ቅመሺው» አሏት።

ትሸሻለች ብዬ ነበር። አልሸሸችም። መደቡ ላይ ተቀመጠች፣ ጠርሙሱን አወጣች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ በመርፌ ጠባሳ ተጠቃጥቋል። ቤታችን ጨለማ ስለሆነ ደም ሥሯን ለማየት መነጽሯን አወለቀች። ያን ጊዜ ዓይኗን አየነው። ከእኔ ዓይን የባሰ ቢጫ ነው።

እማማ አስካለ ቁጣቸው ጠፋ። ጐንበስ ብለው አይዋት። «ወፏ አንቺንም አግኝታሻለች እኮ፣ ልጄ» አሏት።

ሲስተር እንቅልፍ ስላጣሁ ነው አለች። መነጽሯን መልሳ አደረገች፣ ዕቃዋን ሰበሰበች፣ ምንታምር እየጠበቀችኝ ነው ብላ ወጣች። ከሦስት አራት እርምጃ በኋላ ጉሙ ዋጣት፤ የጫማዋ ድምፅ ብቻ ይሰማን ነበር።

እኔ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ከጠርሙሱ መጀመሪያ የሚቀምስ ማን ነበር? እሷ። ስሪንጁ ከእሷ ክንድ ወጥቶ የት ይገባ ነበር? ጠርሙሱ ውስጥ። ከዚያስ? «እማማ» አልኳቸው፣ «ወፏ ጣሪያ ላይ አይደለችም። ሲስተር እየቀመሰች የሰጠችን የራሷን በሽታ ነው። አሁን ደግሞ ምንታምርን ልትወጋት ነው።»

እማማ አስካለ ነጠላቸውን አነሡ። ጎረቤት ልከው ሽፈራውን ከሥራው አስጠሩት። ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቅባት ያልኩትም ቅባት እንዳልነበረ። ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ጠረገና መኪና ልፈልግ፣ ሆስፒታል እንሂድ አለ። ሌላ ምንም አልተናገረም። መጀመሪያ ምንታምር ዘንድ አድርሱኝ አልኩ። መቆም ስላልቻልኩ በግራና በቀኝ ደግፈው ወሰዱኝ።

የምንታምር ቤት ዳስ እየተጣለ ነበር። ምሰሶ የሚተክሉት ወንዶች ሥራቸውን አቁመው አዩኝ። ሚዜ የሚመስሉ ልጆችም ነበሩ፤ የሙሽራው ዘመዶች መሆናቸውን ኋላ ነው የሰማሁት። የምንታምር እናት ወጡ። ሲስተር ውስጥ ናት ወይ አልኳቸው። እግዜር ይማርሽ፣ ገብተሽ ተኚ አሉኝ። ሲስተር እንዳትወጋት፣ ያመመን መርፌው ነው ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። የእኔ ልጅ ተወግታ አታውቅም፣ በተፈጥሮዋ ነው የቀላችው አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ዳሱ ውስጥ እንዲሰማ። ገባኝ። እኔ ብናገር ሠርግ ይፈርሳል፤ ዝም ብል ልጅቷ ትሞታለች።

ተናገርኩ። ያለኝን ትንፋሽ ሁሉ አሰባስቤ ጮህኩ። «ምንታምር! አብረን ነው የተወጋነው፣ ከአንድ ጠርሙስ! ሲስተር ዓይኗ ቢጫ ነው። መነጽሯን አስወልቂያት!»

የመዶሻው ድምፅ ቆሟል፣ ሰው ሁሉ ቆሟል። ከዚያ ምንታምር ከጓዳ ወጣች። ክንዷ ላይ ደም ሥር ለማግኘት የሚታሰረው ላስቲክ እንደታሰረ ነው። ከኋላዋ ሲስተር ቆማለች፤ መነጽሩ ምንታምር እጅ ውስጥ ነው። ምንታምር እናቷን አላየችም፤ ዳሱንም አላየችም። ላስቲኩን በጥርሷ ፈትታ መሬት ላይ ጣለችው። ከዚያ መጥታ ከጎኔ ቆመች፤ እማማ አስካለ እሷንም ደገፉ።

ሁለታችንም በአንድ ሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን ተወሰድን። የመንገዱን ነገር ተዉት፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ጉበቴን ያውቀው ነበር። ሆስፒታሉ መጠበቂያ ወንበር ላይ ሰው ተጨናንቆ ነበር፤ አንድ የማናውቃቸው አዛውንት ተነሥተው ለምንታምር ቦታ ለቀቁላት፤ ሌላዋ ከፌስታሏ ብርቱካን አውጥታ ሰጠችን። መብላት ባልችልም ይዤው አለቀስኩ። ለሰው እንዲህ ያለ ነገር ትንሽ ነው፤ ለእኔ ያን ቀን ብዙ ነበር።

ወጣት ሐኪሟ ታሪካችንን ሳታቋርጥ ሰማች። አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። ከእናንተ በፊት ከጠርሙሱ ማን ይወስድ ነበር ብላ ጠየቀች። ሲስተር ራሷ፣ ቀምሳልን ነው አልናት። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ጉበታችን መቆጣቱን፣ ደማችን ውስጥ ጉበት የሚያጠቃ ቫይረስ መገኘቱን ምርመራው አሳየ። ይሄ ቫይረስ በደም ነው የሚተላለፈው፤ ጫፉን ብቻ መቀየር ምንም አያድንም፤ ስሪንጁ ከተነካካ ጠርሙሱም ተነካክቷል ማለት ነው አለችን። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ራሱስ? እሱንም ማንም አያውቀውም አለች። ቆዳ ለማቅላት ተብሎ በመርፌ ሲሰጥ ደህንነቱ የተረጋገጠ አይደለም፤ ጉበታቸውና ኩላሊታቸው የተጎዳ፣ ቆዳቸው የተላጠ፣ እዚያው ወንበር ላይ ትንፋሽ ያጠራቸው አሉ፤ ማን ሠራው፣ የት ተቀመጠ የማይባል ጠርሙስ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው አለች። የትኛው ምን ያህል እንደጎዳን ለይታ ልትነግረን እንደማትችልም አልደበቀችንም። የቅጠሉን ጭማቂ አቁሙ፣ የታመመ ጉበት ላይ ሌላ ሸክም አትጨምሩበት አለች።

ግሉኮስ ልትተክልልኝ ነርሷ ስትመጣ ችግር ተነሣ። እማማ አስካለ አልጋዬ ፊት ቆሙ። ወፍ የያዘው ሰው፣ መርፌ፣ አይሆንም። ሽፈራው ለመናቸው፤ እምቢ አሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያ እምነታቸው ነው ከሲስተር መርፌ ያተረፈኝ፤ አሁን ደግሞ ሊገድለኝ ነበር። ነርሷ ቸኩላ ነበር፤ ሐኪሟ ግን መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። የሚፈሩት ምንድን ነው እማማ አለቻቸው። እማማ አስካለ ያቺኛዋ ቀምሳ ነበር የምትሰጠው፣ እናንተስ በምን እንመናችሁ አሉ።

ሐኪሟ ከነርሷ እጅ መርፌውን ተቀበለች። እሽጉ ያልተከፈተ ነው። «እማማ፣ እኛ ቤት መቅመስ ነውር ነው። የእኛ መቅመስ ይሄ ነው» አለችና እሽጉን ዓይናቸው ሥር ቀደደችው። ድምፁ ተሰማ። የግሉኮሱንም ክዳን እሳቸው እያዩ ከፈተች። አንድ ሰው ብቻ ይወጋበታል፤ ከዚያ ይጣላል አለቻቸው። እማማ የተቀደደውን ወረቀት ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ከአልጋዬ ፊት ዞር አሉ። ከዚያ ወዲህ ነርስ በመጣች ቁጥር እማማ አስካለ ተነሥተው እስቲ ቅደጂው ይላሉ፤ የክፍሉ ሕሙማን ሁሉ ተማሩት። እናንተም ተማሩት። እሽጉ በፊታችሁ ያልተቀደደ መርፌ ወደ ሰውነታችሁ አይግባ።

ምንታምር ከእኔ የባሰች ነበረች። አንድ ሰሞን አእምሮዋን ስታ ማንንም አታውቅም ነበር፤ መስታወቱን አዙሩት፣ መስታወቱን አዙሩት ትላለች። ክፍሉ ውስጥ መስታወት አልነበረም። እኔ እጇን ይዤ እውላለሁ። የምትሞት መስሎኝ ነበር፤ ግን ቀስ በቀስ ተመለሰች። ሐኪሟ አብዛኛው ትልቅ ሰው ከዚህ ቫይረስ በእረፍትና በክትትል እንደሚድን፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ግን እንደሚቀር ነገረችን። ከእኔ ሰውነት ወጣ። ምንታምር እስካሁን ክትትል ላይ ናት። ሽፈራውና ሕይወት ተመርምረው ነፃ ሆነው ክትባት ወሰዱ። ለሕክምናው በጎቻችን ተሸጡ፤ ሽፈራው አንድ ቀን እንኳ አላነሣብኝም።

ስንመለስ ሳሎኑ ተዘግቶ አገኘነው። ሲስተር ያን ዕለት እንደወጣች አልተመለሰችም፤ የት እንደገባች፣ በሕይወት መኖሯንም የሚያውቅ የለም። በመስኮቱ ሲያዩት መጋረጃው ተነሥቷል፣ አግዳሚውም የለም፤ መስታወቱ ብቻ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ቆሟል ይላሉ። እኔ ሄጄ አላየሁም። አሁንም በዚያ በኩል አላልፍም።

የምንታምር ሠርግ ቀረ። እናቷ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም፤ አልፈርድባቸውም። ምንታምር ግን ገበያ ከእኔ ጋር ትቀመጣለች፤ ባና ስትሸጥ ከእኔ ትበልጣለች፤ መሳቋም ተመልሷል።

እኔም ከርሜ ከርሜ ተሻለኝ። ምግብ ጣመኝ፤ የበግ ፀጉር ሽታ የቤቴ ሽታ ሆነልኝ። ፀሐይ ላይ መዋል ስጀምር ማድያቴ ቀስ እያለ ተመልሶ መጣ፤ እዚያው ጉንጬ ላይ፣ እዚያው ግንባሬ ላይ። አንድ ቀን ፀጉሯን ልሠራላት ስጠራት ሕይወት መጥታ ጭኔ ሥር ተቀመጠች። ቀና ብላ አየችኝና በጣቷ ጉንጬን ነካች፤ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሥሪኝ አለች። እማማ አስካለ ይህን ሲያዩ ተነሥተው ጎረቤት ሄዱ፤ ሲመለሱ ወስፌያቸውን ይዘው ነበር። በራፍ ላይ ተቀምጠው መስፋት ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው መዳኔን ያመንኩት።

ባለፈው ገበያ አንዲት ልጃገረድ መጥታ ባና የምትመርጥ መሰለችኝ። እጇ ባናው ላይ ነው፤ ዓይኗ እኔ ላይ። ያኔ ያማረብሽ ጊዜ ምን ነበር የተወጋሽው፣ ስሙን ንገሪኝ አለችኝ፤ ዓለም ከተማ የሚሰጥ ሰው አለ ሲሉ ሰምታለች። ምንታምርን አየኋት፤ ምንታምርም አየችኝ። አስቀመጥናትና እናንተ አሁን ያነበባችሁትን ሁሉ ነገርናት፤ ጠርሙሱን፣ መቅመሱን፣ ዳሱን፣ ሆስፒታሉን። ሳታቋርጥ ሰማችን።

«ግን ቅላቱ ለምን ያህል ጊዜ ነው የሚቆየው?» አለች።

«ከበሽታው እስክትድኚ» አልኳት።